ሁለተኛው ትኩሳት

በምሥራቅ ሱዳን፣ በሀዋታና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት

በንግግሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ዛሬ የምናነሣው አንድ ጥያቄ ነው። ሰው ታመመ፤ ዳነ። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ትኩሳት፣ ያው የአጥንት ቁርጥማት ተመልሶ ጣለው። አገረሸበት እንበል ወይስ አዲስ በሽታ ያዘው? ነገሩ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ይመስላል። በዚህ አገር ግን፣ በመተማና በገዳሪፍ መካከል እየተመላለሰ ለሚኖር ሰው፣ መልሱ ነፍስ የሚያተርፍበት ጊዜ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጣራ ለሌለው ሰው።

ጣራ የሌለው ስል ማንን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከጎንደር ወርዶ ወቅቱን ሙሉ ዛፍ ሥር የሚያድረው የቀን ሠራተኛ አለ። መናኸሪያ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ የሚተኛ አለ። በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ድንበሩን ተሻግረው በሐምዳይትና በሉግዲ ገብተው ወደ ኡም ራኩባ፣ ኋላም ወደ ቱናይድባ የተወሰዱ ወገኖቻችን አሉ፤ ከስድሳ ሺህ በላይ ነበሩ። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ባለአገሩ ራሱ ተፈናቃይ ሆነ። መጀመሪያ ከኻርቱም፣ በዲሴምበር 2023 ከወድ መደኒ፣ በጁን 2024 መጨረሻ ከሲንጃ የሸሸው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ክፍለ ግዛት ጎረፈ። ሲንጃ ካለችበት ከስናር ክፍለ ግዛት ብቻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተነቅሏል። ትምህርት ቤቱ ማደሪያ ሆነ፤ ክፍል ያጣው በረንዳ ላይ፣ በረንዳ ያጣው መንገድ ዳር ተኛ።

ይህ ሕዝብ ሲመጣ ባዶ እጁን መጥቷል እንላለን። የሕክምና ካርዱ ኻርቱም ቀርቷል፤ ካርዱ የነበረበት ሆስፒታልም ተዘርፏል ወይም ተዘግቷል። ከዚህ በፊት በምን እንደታመመ የሚያውቅ የለም፤ እርሱም ቢጠየቅ «ወባ ነበር መሰለኝ» ይላል። ደሙ ግን ያስታውሳል። ችግራችን የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ቫይረስ ጥቂት ነገር እናንሣ። ቫይረስ ራሱን ለማባዛት የሚያስፈልገውን መመሪያ በውስጡ ይዞ ይዞራል። መመሪያው በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም መስመር ነው። የኮሮና ቫይረስ ጽሑፍ ወደ 30,000 ፊደል፣ የደንጊ ትኩሳት ቫይረስ ወደ 10,700 ፊደል አለው። ይህን ጽሑፍ በሙሉ ነው ጂኖም የምንለው። ቫይረሱ በሰው ገላ ውስጥ ሲባዛ ጽሑፉን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። እናንተ ዳዊት ሲገለበጥ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ቁም ጸሐፊው አንድ ፊደል ይስታል፤ ከዚያ ብራና የሚገለብጥ ደግሞ ስሕተቱን ሳያውቅ ይወርሳል። ሊቃውንቱ ሁለት ብራናዎች ያንኑ ስሕተት ሲጋሩ ካዩ ከአንድ እናት እንደተገለበጡ ይፈርዳሉ። የቫይረስ ተመራማሪም ሥራው ይኸው ነው። ከዛሬው በሽተኛ የተወሰደውን ጽሑፍ ከአምናው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ስሕተቶቹን ይቆጥራል።

ይህ መንገድ በኮሮና ዘመን ለዓለም ሁሉ ታየ። በኦገስት 2020 አንድ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ከስፔን ወደ ሆንግ ኮንግ ሲመለስ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ተመርምሮ ኮሮና ተገኘበት። ይህ ሰው በማርች ወር ታሞ ድኖ ነበር። አምስት ወር ያህል ሙሉ ከገላው ሳይወጣ የቆየ ቅሪት ነው ወይስ አዲስ? የሁለቱን ጊዜ ጽሑፍ ሲያስተያዩ በ24 ፊደላት ተለያዩ፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ክረምት አውሮፓ ውስጥ ሲዞር የነበረው ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አላገረሸበትም፤ ሁለተኛ ተይዟል። በጂኖም የተረጋገጠው የመጀመሪያው የኮሮና ዳግም መያዝ ይህ ነው። ልብ በሉ፤ ይህን ማወቅ የተቻለው የማርቹ ናሙና ስለተቀመጠ ነው። ናሙናው ባይቀመጥ ኖሮ ክርክሩ ዛሬም አያልቅም ነበር። ጣራ የሌለው ሰው የመጀመሪያ ናሙና ግን የት ይገኛል?

ስለ ቤት አልባዎች ከተነሣ የቦስተንን ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። በ2020 ጸደይ ቦስተን በሚገኝ አንድ ትልቅ የቤት አልባዎች ማደሪያ ውስጥ 408 ሰዎች ተመርምረው በ147ቱ ላይ ኮሮና ተገኘ። አብዛኞቹ ምንም ሕመም አልተሰማቸውም ነበር። ወሬው ሲሰማ በየአገሩ እንደሚባለው «በሽታው ከእነርሱ ነው» የሚል አልጠፋም። በኋላ የቫይረሱ ጽሑፍ ሲነበብ ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። ቫይረሱ ወደ ከተማዋ ማደሪያዎች አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ከውጭ ገብቷል። በማደሪያዎቹ ከተገኙት ዝርያዎች መካከል አንዱ ደግሞ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ በከተማዋ አንድ ሆቴል ውስጥ በተካሄደ የአንድ ኩባንያ ዓለም አቀፍ ስብሰባ የተስፋፋው ነበር። በአውሮፕላን የመጣ፣ በሆቴል ያደረ ሰው ያሰራጨው ቫይረስ በመጨረሻ አልጋ በሌለው ሰው ላይ አረፈ። እኔ ለዚህ ሥራ ያለኝ አክብሮት ከዚህ የመጣ ነው። ፊደል ሲቆጠር የድሀውን ስም የሚያነጻበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በዚህ አካባቢ ሁለተኛ መያዝ ይበልጥ የሚያሰጋው በኮሮና ሳይሆን በደንጊ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ የምናገረውም ስለ እርሱ ነው።

ደንጊ በድንገት በሚነሣ ከፍተኛ ትኩሳት ይጀምራል። ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ራስ ምታት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ኋላም ሽፍታ አለው። በዝናም ወቅት ወባ በሚበዛበት አገር ሁሉም ሰው ወባ ነው ብሎ ይገምታል። በ2023 መጀመሪያ ላይ፣ ጦርነቱ ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው፣ ደንጊ ኻርቱም ውስጥ ሳይቀር ታየ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የገዳሪፍ ሆስፒታሎች በደንጊ ሕሙማን ተጨናነቁ፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ኮሌራ በዚያው ክፍለ ግዛት መግባቱ በይፋ ተነገረ። ከመካከላችሁ ያን ወራት የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።

የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ እየተባለ ይጠራል። ከአራቱ በአንዱ ዓይነት ታሞ የዳነ ሰው ያ ዓይነት ዳግመኛ አይይዘውም፤ ገላው ዕድሜ ልኩን ይጠብቀዋል። ለሌሎቹ ሦስቱ ግን ጥበቃው ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ሰው ሲሰማው አያምንም። የመጀመሪያው ሕመም ያፈራው ፀረ አካል ኋላ የመጣውን ሌላ ዓይነት ቫይረስ ያውቀዋል፤ ይጣበቅበታልም፤ ሊገድለው ግን አይችልም። ነጭ የደም ሕዋሳት ያ ፀረ አካል የተጣበቀበትን ነገር ሁሉ ለመዋጥ የተሠሩ ናቸውና ይውጡታል። ደንጊ ደግሞ የሚባዛው በእነዚሁ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ስለዚህ የቀድሞው መከላከያ አዲሱን ቫይረስ እንዲበዛ ይረዳዋል። ሁለተኛ የተያዘ ሰው ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ይድናል። ነገር ግን የደም ሥሮች ፈሳሽ የሚያፈስሱበት፣ ድድና አፍንጫ የሚደሙበት ጽኑ ደንጊ ከመጀመሪያው ይልቅ በሁለተኛው መያዝ ላይ ይበዛል።

ኩባ የደረሰባት ነገር ይህን ለዓለም አስተማረ። በ1977 አንደኛው ዓይነት ደሴቲቱን አዳረሳት፤ ሕመሙ ቀላል ነበርና ብዙም አላስደነገጠም። በ1981 ሁለተኛው ዓይነት ገባ። 344,203 ሰዎች ታመሙ፤ 158 ሞቱ፤ ከሟቾቹ 101ዱ ሕፃናት ነበሩ። በሽታው የጸናባቸው አብዛኞቹ ከአራት ዓመት በፊት በቀላሉ ታመው የዳኑት ሆነው ተገኙ። ፊሊፒንስም ለሌላ ትምህርት ዋጋ ከፈለች። ከ800,000 በላይ ልጆች ዴንግቫክሲያ የተባለውን ክትባት ከወሰዱ በኋላ በኖቬምበር 2017 አምራቹ ራሱ አንድ ነገር አመነ፤ ክትባቱ ከዚህ በፊት ደንጊ ያልያዘውን ልጅ ኋላ ሲያዝ ሕመሙን ሊያጸናበት ይችላል። ያ ልጅ በፊት ታሞ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ማወቅ የክትባቱን ጥቅምና ጉዳት የሚለይ ነገር ነበር።

በዚህ በእኛ ዙሪያ ምን አለ? ፖርት ሱዳን ላይ በ1980ዎቹ አጋማሽ አንደኛውና ሁለተኛው ዓይነት ተገኝተዋል። በ2004 እና በ2005 በዚያው ከተማ ሦስተኛው ዓይነት ከብዙ ጽኑ ሕሙማን ጋር መጣ። ድሬዳዋ ላይ በ2013 ደንጊ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ በወረርሽኝ መልክ ሲረጋገጥ ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ከባሕር ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ደጋ ግርጌ፣ ዓይነቶቹ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ከተማ ዞረዋል። በሰላሙ ጊዜ ሰው በከተማው ተቀምጦ የከተማውን ዓይነት ይታመም ነበር። ጦርነት ግን የፖርት ሱዳኑን፣ የከሰላውን፣ የኻርቱሙንና የመደኒውን ሰው በአንድ የትምህርት ቤት ግቢ አስተኛው። አንዱ በአንደኛው፣ አንዱ በሦስተኛው ታሞ የዳነ ነው፤ ሌላው ጨርሶ አልተያዘም። አንዲት ትንኝ በመካከላቸው ብትገባ ለእያንዳንዳቸው የምታመጣው አደጋ የተለያየ ነው።

ያውም ሰው የታመመበትን በስሙ አያውቀውም። በ2018 ከሰላን ያናወጣትን ትኩሳት አስታውሱ፤ ሕዝቡ «ከንከሻ» ይለው የነበረውን። ያ ቺኩንጉንያ ነው፤ በአንድ ዓይነት ትንኝ ቢተላለፍም ከደንጊ ጋር ዝምድና የለውም። ድሬዳዋም እንዲሁ በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ አዳረሳት። ከሰላ ታምሞ የነበረ ሰው ዛሬ ገዳሪፍ ላይ ትኩሳት ሲይዘው «ያው አገረሸብኝ» ቢል አትፍረዱበት፤ ሕመሙ ይመሳሰላል። ሐኪሙ ግን ቃሉን ተቀብሎ «አገረሸ» ብሎ ከጻፈ መዝገቡ ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን አንድ አድርጎ ያስቀራል።

በቅንፍ ያህል ስለ ካላዛር ልበል፤ ገዳሪፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ማገርሸት አውርቶ ካላዛርን መተው ነውር ነውና። ካላዛር ቫይረስ አይደለም፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሕሙማን ላይ ከሕክምና በኋላ ደጋግሞ ያገረሻል። የቀን ሠራተኛው ግን ታክሞ በዓመቱ ወደዚያው እርሻ፣ ወደዚያው ዛፍ ሥር ይመለሳል። ስለዚህ እንደገና ሲታመም ያረጀው ነው የተነሣ ወይስ አዲስ ዝንብ ነደፈችው የሚለውን የሚለየው የተሕዋሲው ዘረመል ነው። መልሱም ሕክምናውን ይነካል፤ አገርሽቶ ከሆነ መድኃኒቱ አልበቃውም ማለት ነው፤ አዲስ ከሆነ ማደሪያው አልተስተካከለም ማለት ነው።

ወደ ደንጊ ልመለስ። ጤና ጣቢያ ያለው ፈጣን መመርመሪያ ደንጊ መሆኑን ይነግራል፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን አይናገርም። ዓይነቱን የሚለየው የቫይረሱን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ለማንበብ ደግሞ ቫይረሱ ደም ውስጥ ሳለ ናሙና መወሰድ አለበት፤ ይህም ሕመሙ ከጀመረ በኋላ አምስት ቀን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ከደም ይጠፋል፤ የሚቀረው ፀረ አካል ብቻ ነው። እንግዲህ ጣራ የሌለውን ሰው አስቡት። የመጀመሪያውን ቀን «ነገ ይሻለኛል» ይላል፤ ካልሠራ አይበላምና። ሁለተኛውን ቀን ከሱቅ ክኒን ይገዛል። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ጥላ ሥር ተኝቶ ያልፋል። ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ሰው ተሸክሞት ነው፤ ያም ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ቀን ላይ። ደንጊ በሚገድልበት ሰዓት ይደርሳል፤ ቫይረሱ በሚነበብበት ሰዓት ግን አልደረሰም። የክትትል መዝገብ ላይ ይህ ሰው የለም። የአገሪቱ ካርታ ላይ የሚወጣው በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ የቻለው ባለቤትና ባለገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚታየው ሥዕል የባለቤቶች ሥዕል ነው፤ ብዙ የተነደፈውና ብዙ የተንከራተተው ሰው ከውስጡ የለም።

የእኔ አሳብ እነሆ። የእያንዳንዱን ተፈናቃይ የቀድሞ ናሙና ማግኘት አንችልም፤ ሆንግ ኮንግ ያደረገችውን እዚህ ማድረግ ዘበት ነው። ነገር ግን በየቦታውና በየጊዜው የትኛው ዓይነት እንደዞረ ከታወቀ፣ የቦታው መዝገብ ለሰውየው የሕክምና ካርድ ይሆንለታል። ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀዋል፤ «ባለፈው ትኩሳት ሲይዝህ የት ነበርክ? መቼ?» በሽተኛው «በ2023 መጸው ገዳሪፍ» ካለ፣ ያኔ ገዳሪፍ የነበረው ዓይነት በመዝገብ ካለና ዛሬ ሀዋታ ላይ የሚዞረው ሌላ ዓይነት ከሆነ፣ ሐኪሙ ይህን ሰው ወደ ቤትህ ሂድ አይለውም። መሄጃ ቤትም የለው። አስተኝቶ ይጠብቀዋል። ይህ እንዲሆን ከየመጠለያው በየሳምንቱ ጥቂት ናሙና ብቻ በቂ ነው፤ ሁሉንም ሰው መመርመር አያስፈልግም። ናሙናው ግን እነርሱ ካሉበት መወሰድ አለበት፤ ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከመናኸሪያው፣ ከእርሻው ካምፕ።

መሣሪያው አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። በ2015 ጊኒ ውስጥ ኢቦላ ሲገድል ተመራማሪዎች በእጅ የሚያዝ የጂኖም ማንበቢያ በሻንጣ ይዘው ገብተው፣ ናሙና በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ውጤት ማውጣት ችለዋል፤ 142 ናሙናዎችን በዚህ መልክ አንብበዋል። በኦክቶበር 2020 የአፍሪካ በሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ለአህጉሩ የጂኖም ክትትል የ100 ሚሊዮን ዶላር መርሐ ግብር ጀምሯል። የማዕከሉ ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። እዚያው አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ኮሮናን በዚህ መንገድ ተከታትለዋል። ሱዳን ግን ብሔራዊ የሕብረተሰብ ጤና ላቦራቶሪዋን አጣች። ጦርነቱ በተጀመረ በአሥረኛው ቀን ገደማ፣ በኤፕሪል 25 ቀን 2023፣ የዓለም ጤና ድርጅት ኻርቱም ያለው ላቦራቶሪ በተዋጊዎች እጅ እንደገባና ባለሙያዎቹ እንደተባረሩ ገለጠ። ውስጡ የኩፍኝ፣ የኮሌራና የፖሊዮ ናሙናዎች ነበሩ። ያን ዜና በሰማሁ ጊዜ ያሳሰበኝ የአደጋው ስጋት ብቻ አልነበረም። ማቀዝቀዣው ሲጠፋ የሚበላሸው የብዙ ሺህ ሰው የሕመም ታሪክ ጭምር ነው።

ስለዚህ ከሀዋታ በገዳሪፍ፣ በዶካ፣ በገላባት፣ በመተማ አድርጎ ጎንደር የሚደርሰው መንገድ ሰውና ሰሊጥ ብቻ ሳይሆን የደም ናሙናም የሚሄድበት እንዲሆን እመኛለሁ። ትንኝ ቪዛ አትጠይቅም። ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ በመተማ በኩል ሽንፋ የሚባለው ወንዝ እዚህ ሲደርስ ራሃድ ተብሎ ሀዋታን ያጠጣል፤ የሁለቱ አገሮች ጤና መሥሪያ ቤቶች ግን የዚህን ወንዝ ሕዝብ መዝገብ ለየብቻ ይዘዋል።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ሌላ ቫይረስ አለ፤ እርሱም የእኛን ሰዎች ደጋግሞ የጎበኘ። በ1985 ከረሃብና ከጦርነት ሸሽተው ምሥራቅ ሱዳን ከገቡት ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙዎች በወፍ በሽታ ታመሙ፤ ነፍሰ ጡሮች በብዛት ሞቱ። ያኔ በሽታው ስም አልነበረውም፤ ሐኪሞቹ የሚያውቋቸውን ሁለቱን የጉበት ቫይረሶች ፈልገው ሁለቱንም አላገኙም። ጽሑፉ የተገኘው በ1990 ነው፤ ሄፓታይተስ ኢ ተባለ። በ2004 ዳርፉር ውስጥ ሞርናይ የተባለ የተፈናቃዮች ካምፕ ሲገባ በስድስት ወር 2,621 ሰው ታመመ። በ2021 ደግሞ በዚሁ በገዳሪፍ ካምፖች፣ ከትግራይ በሸሹት መካከል ተነሣ። ኡም ራኩባ በ1980ዎቹም ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለች ቦታ ናት። አንድ ቦታ፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ በሽታ፣ በመካከሉ ሠላሳ ስድስት ዓመት። ተይዞ የዳነ ሰው ለዓመታት ይጠበቃል፤ ለዕድሜ ልክ ግን ዋስትና የለውም። የዚህ ቫይረስ ክትባት ቻይና ውስጥ በ2011 ተፈቅዶ ሳለ፣ በወረርሽኝ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ለተፈናቃዮች የተሰጠው በማርች 2022 ቤንቲዩ፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ! ለእነዚህ ሰዎች የሚዘገየው ሳይንሱ ሳይሆን ሳይንሱን ይዞ የሚመጣው ሰው መሆኑን ይህ ቁጥር ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ከድሀ ደም መውሰድ ቀላል ነው፤ እምቢ ማለት አይችልምና። ለዚህ ነው ጥንቃቄው መብዛት ያለበት። ናሙና ሲወሰድ ሰውየው ለምን እንደሆነ በቋንቋው፣ በአማርኛም በትግርኛም በአረብኛም ይነገረው። እምቢ ቢል ምግቡና መጠለያው አይነካበት። ውጤቱ ለፖሊስ ወይም ለኢሚግሬሽን አይሰጥ። «ስደተኛ በሽታ አመጣ» የሚል አርዕስት የሚወጣበት መረጃ ከሆነ ባይሰበሰብ ይሻላል። የቦስተኑ ጽሑፍ ቤት አልባዎቹን ነጻ አውጥቷል፤ ሌላ ቦታ በሌላ እጅ ቢሆን ኖሮ መክሰሻ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። ከሁሉም በላይ ደሙን የሰጠ ሰው መድኃኒቱንና ፈሳሹን ሳያገኝ ውጤቱ ሩቅ አገር መጽሔት ላይ ቢወጣ፣ ያን እኔ ዘረፋ እለዋለሁ።

አሁን እጃችን ላይ ወዳለው። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ቀን ትነድፋለች፤ በተለይ ጧትና ከፀሐይ መግቢያ በፊት። የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም። የምትራባው በረግረግ ሳይሆን ሰው ለመጠጥ ባስቀመጠው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው። እዚህ አገር በየቤቱና በየመንገዱ ዳር በጥላ ሥር የሚቀመጠውን ዚር የተባለ የሸክላ የውኃ ጋን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለመንገደኛ ውኃ ማኖር የሱዳን ሕዝብ የሚያስመሰግን ልማዱ ነው፤ ስንቱ የእኛ ሰው ከዚያ ጠጥቶ ነፍሱ ተመልሷል። ነገር ግን ክዳኑን አንሥታችሁ ውስጡን በባትሪ ተመልከቱት። ከውኃው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ሸክላው ላይ የተጣበቁ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ጥቁር ነጥቦች ታያላችሁ። እንቁላሎቿ ናቸው። ውኃው ቢደፋ አይሞቱም፤ ዚሩ ደርቆ ለወራት ቢቀመጥም ይቆያሉ፤ ውኃ ተሞልቶ ሲደርስባቸው ይፈለፈላሉ። ስለዚህ መድፋት ብቻ አይበቃም። በሳምንት አንድ ቀን ውስጡን በሻካራ ነገር ፈትጋችሁ ታጠቡት፤ አፉን በጨርቅ አስራችሁ ክደኑት። የሰፈሩ ዚር የማንም አይደለም ብላችሁ አትለፉት፤ ቤት የሌለው ሰው የሚጠጣው ከዚያ ነው፤ የሚተኛውም እዚያው አጠገብ ነው።

ትኩሳት የያዘው ሰው ወባው ተመርምሮ ከሌለ ደንጊ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ። ፓራሲታሞል ይውሰድ። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም የዲክሎፌናክ መርፌ አይውሰድ፤ የደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ውኃና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በብዛት ይጠጣ። ደግሞ ትኩሳቱ ሲበርድ አትዘናጉ። ደንጊ የሚጸናው ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን፣ ትኩሳቱ በወረደበት ሰዓት ነው። ጽኑ የሆድ ሕመም፣ ማቋረጫ የሌለው ትውከት፣ የድድ መድማት ወይም መዝለፍለፍ ካያችሁ በዚያች ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በጊዜው ፈሳሽ ካገኘ ከመቶ ጽኑ ሕሙማን አንድ እንኳ ላይሞት ይችላል።

የመጨረሻ ልመናዬ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትኩሳት በያዛችሁ ቁጥር ቀኑንና ቦታውን፣ ምን ተብላችሁም እንደነበር በስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ ስልክ ለሌለው ጻፉለት። ሁለተኛ፣ በአጠገባችሁ ጥላ ሥር ተኝቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብታዩ፣ ኢትዮጵያዊም ይሁን ሱዳናዊ፣ ስድስተኛውን ቀን አትጠብቁ። በመጀመሪያው፣ ቢዘገይ በሦስተኛው ቀን ይዛችሁት ሂዱ፤ ጤና ጣቢያም ስትደርሱ ባለፈው ጊዜ የት ሆኖ እንደታመመ ለሐኪሙ ንገሩለት።